በካሊፎርኒያ የንቅሳት ሥራ ለከፈታችሁ፦ ፈቃዱ፣ መዝገቡና ቅጣቱ

ክንድ ላይ መስቀል መንቀስ፣ ቅንድብን በማይክሮብሌዲንግ (ቆዳን በጥቃቅን ምላጭ እየሰነጠቁ ቀለም በማስገባት) መሙላት፣ ከንፈርን በቋሚ ቀለም ማቅላት፣ አፍንጫ ወይም እምብርት መብሳት፤ እነዚህ ሁሉ በካሊፎርኒያ የሚተዳደሩት በአንድ ሕግ ነው። ሴፍ ቦዲ አርት አክት ይባላል። በ2011 ወጥቶ ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ በመላው ግዛቱ ይሠራበታል፤ በጤናና ደኅንነት ሕጉ ውስጥ ከአንቀጽ 119300 ጀምሮ ይገኛል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህን የምጽፈው በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በሳን ዲዬጎ የውበት ሳሎን ወይም የንቅሳት ቤት ከፍተው ለሚሠሩ፣ ለመክፈትም ለሚያስቡ ወገኖቼ ነው። ብዙ ሰው ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ በኋላ ከሕጉ ጋር ያለው ጉዳይ ያለቀ ይመስለዋል። ጉዳዩ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። ፈቃድ የሚገኘው በአንድ ሰሞን ዝግጅት ነው፤ የሚታጣው ደግሞ ሥራ በበዛበት ከሰዓት በኋላ ሳይሞላ በቀረ አንድ የመዝገብ መስመር ነው። ስለዚህ ከፈቃዱ ይልቅ ፈቃዱን ይዞ ስለ መቆየት ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

1. የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመለከታችሁ እወቁ

ሕጉ የግዛቱ ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን የየካውንቲው የአካባቢ ጤና ክፍል ነው። በሎስ አንጀለስ የካውንቲው የሕዝብ ጤና መምሪያ ይሠራዋል፤ ሎንግ ቢች፣ ፓሳዴናና ቨርነን ግን የራሳቸው የጤና ክፍል አላቸው። በአላሜዳ ካውንቲም በርክሌይ የራሷ አላት። ሱቃችሁ ከከተማው ድንበር በየትኛው ወገን እንዳለ ሳታረጋግጡ ማመልከቻ አትሙሉ፤ ክፍያው፣ ቅጹና የቦታ መስፈርቱ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ካውንቲዎች ከግዛቱ ሕግ ጠበቅ ያለ ደንብ ማውጣት ስለሚችሉም፣ ጓደኛችሁ በሌላ ከተማ የተፈቀደላት ነገር ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ በሳሎኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚታይ አደጋ አለ። የኮስሞቶሎጂ ወይም የፀጉር ሥራ ፈቃድ ማይክሮብሌዲንግ ለመሥራት አይበቃም። የፀጉርና የውበት ሙያ ቦርዱ የሚሰጠው ፈቃድ ቆዳ ወግቶ ቀለም ማስገባትን አያካትትም። ሹሩባ የምትሠራ እህት ከሳሎኑ ጀርባ ባለች ክፍል ቅንድብ ልትነቅስ ከፈለገች ለራሷ የነቃሽነት ምዝገባ፣ ለክፍሏ ደግሞ ከካውንቲው የተቋም ፈቃድ ያስፈልጋታል። ሁለቱ ለየብቻ የሚወጡ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ጆሮን በማሽን፣ አንዴ ብቻ በሚያገለግልና በታሸገ ጉትቻ መብሳት ግን ከዚህ ወጥቶ በቀለለ ሥርዓት የሚታይ ነው።

2. ነቃሹ በየዓመቱ ይመዝገብ

ማንኛውም ነቃሽ 18 ዓመት የሞላው መሆኑን ማሳየት አለበት። ስለ ሄፓታይተስ ቢም ከሦስቱ አንዱን ያቀርባል፦ የክትባት ማስረጃ፣ በደሙ ውስጥ መከላከያ እንዳለ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ወይም ክትባቱ ቀርቦለት አልወስድም ያለበትን የተፈረመ ወረቀት። አገር ቤት የተከተበ ሰው ሁሉ ማስረጃው በእጁ አይገኝም፤ አቋራጩ መንገድ የደም ምርመራ ማድረግ ነው።

ቀጥሎ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ስለ መከላከል የሚሰጠው ሥልጠና ይመጣል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን በየዓመቱ ይታደሳል። በኢንተርኔት የሚሸጥ ሥልጠና ሁሉ ተቀባይነት የለውም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ካውንቲያችሁ የሚቀበላቸውን አሠልጣኞች ዝርዝር ጠይቁ።

የምዝገባ ወረቀቱ ደንበኛ በሚያየው ቦታ ይሰቀላል። በሌላ ካውንቲ በእንግድነት ለመሥራት በዚሁ ምዝገባ መጠቀም የሚቻለው በተከታታይ ከ5 ቀን፣ በዓመት ውስጥ በድምሩ ከ15 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው። በየወሩ ከሳን ዲዬጎ ወደ ሎስ አንጀለስ እየተመላለሰች ቅንድብ የምትሠራ ሴት ይህን ገደብ ሳታስበው ልታልፈው ትችላለች። ቀኖቹን ማስታወሻ ላይ ይዛ፣ ገደቡ ሳይሞላ በሁለተኛው ካውንቲ መመዝገብ ይኖርባታል።

ወንበር የምታከራዩ ባለቤቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ተከራዩ የራሱ አለቃ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ያልተመዘገበ ሰው በእናንተ ጣሪያ ሥር ከነቀሰ የተቋሙ ፈቃድ የእናንተ ነውና ተጠያቂነቱ ወደ እናንተ ይመጣል። የእያንዳንዱን ነቃሽ ምዝገባ ማብቂያ ቀን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩ።

3. ክፍሉን ለሕጉ አዘጋጁ

መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ እንግዳ ክፍል ሶፋ ላይ፣ ወይም ኩሽና አጠገብ መንቀስ አይፈቀድም። የሥራው ቦታ ሰው ከሚተኛበት፣ ከሚታጠብበትና ምግብ ከሚያበስልበት ክፍል የተለየ መሆን አለበት። ብዙ ከተሞች በመኖሪያ ሰፈር እንዲህ ያለውን ሥራ በዞን ደንባቸው ጭምር ስለሚከለክሉ፣ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ከተማው የፕላን ክፍል ሄዳችሁ አድራሻውን አስጣሩ። ውል ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ «አይፈቀድም» ብዙ ገንዘብ ያስበላል።

ወለሉና የሥራ ጠረጴዛው ለስላሳ፣ ውኃ የማይመጥና በቀላሉ የሚጸዳ ይሁን። ነቃሹ የሚደርስበት፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ያለው መታጠቢያ፣ ፈሳሽ ሳሙናና እጅ ሳይነካው ወረቀት የሚሰጥ መያዣ ያስፈልጋል። መሣሪያ የሚታጠብበትና በሙቀት የሚጸዳበት ቦታ ከሚነቀስበት ቦታ ቢያንስ 5 ጫማ መራቅ ወይም በሚጸዳ ግድግዳ መለየት አለበት። በሥራው ቦታ ምግብ፣ መጠጥና ሲጋራ አይገቡም። ቡና አፍልቶ ደንበኛን ማስተናገድ የእኛ ወግ ነው፤ ሲኒው ግን ከእንግዳ መቀበያው አይለፍ።

በጤና ጣቢያ ያያችሁት ዓይነት፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ፣ ምልክቱና ጽሑፉ ያለበት፣ በእያንዳንዱ የሥራ ቦታ እጅ በሚደርስበት ይቀመጣል። ሲሞላ ወደ ቤት ቆሻሻ አይጣልም፤ ፈቃድ ባለው የሕክምና ቆሻሻ ሰብሳቢ ወይም በተፈቀደ የፖስታ መላኪያ ዘዴ ይወገዳል። ደረሰኙን አስቀምጡ፤ መርማሪው ይጠይቃችኋል።

4. የኢንፌክሽን መከላከያ ዕቅዱን ራሳችሁ ጻፉት

ባለቤቱ በጽሑፍ የሰፈረ የኢንፌክሽን መከላከያ ዕቅድ እንዲኖረውና በዕቅዱ እንዲሠራ፣ ቅጂውንም ለካውንቲው እንዲያስገባ ሕጉ ያዛል። ዕቅዱ ወለልና ጠረጴዛ እንዴት እንደሚጸዳ፣ መሣሪያ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንደሚታሸግ፣ በሙቀት ከጀርም እንደሚጸዳና እንደሚቀመጥ፣ ከሥራ በፊት ቦታው እንዴት እንደሚዘጋጅና ከሥራ በኋላ እንዴት እንደሚነሣ፣ መርፌ እንዴት እንደሚወገድ ይዘረዝራል።

ከሌላ ሰው የተቀዳ ዕቅድ አደገኛ ነው። ኦቶክሌቭ (በግፊት በሚሞቅ እንፋሎት በመሣሪያ ላይ ያለ ጀርም የሚገድል ማሽን) የሌለው ቤት «መሣሪያችንን በኦቶክሌቭ እናጸዳለን» የሚል ወረቀት ካስገባ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ከጎረቤት እንደ ኮረጀ ተማሪ ስሙንም ጭምር ቀድቶ ተይዟል ማለት ነው። መርማሪ ዕቅዱን በእጁ ይዞ ዓይኑን በክፍሉ ላይ ያሳርፋል፤ የተጻፈውና የሚታየው ካልተስማሙ ያ ራሱ ጥፋት ነው። የምትጠቀሙበትን የማጽጃ ኬሚካል ስም፣ ጠረጴዛው ላይ ሳይጠረግ መቆየት ያለበትን ደቂቃ ከጠርሙሱ መለያ ገልብጣችሁ ጻፉ። አዲስ ዕቃ ወይም አዲስ የአሠራር ዘዴ ስታስገቡ ዕቅዱን አድሱ፣ ሠራተኞቻችሁንም በአዲሱ አሠልጥኑ፤ ማን መቼ እንደ ሠለጠነ የሚያሳየውን ወረቀት ለ3 ዓመት ያዙ።

5. ደንበኛው ከመቀመጡ በፊት

መጀመሪያ ዕድሜ። በካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 653 መሠረት ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው መንቀስ፣ ወይም «ልንቀስህ» ብሎ መጠየቅ እንኳ ሚስዲሚነር የሚባለው ደረጃ ወንጀል ነው። የወላጅ ፈቃድ አያድንም። በአገራችን እናት ወይም አክስት የልጅቱን ግንባር በመስቀል፣ አንገቷን በጥልፍልፍ ሐረግ፣ ድዷን በጥላሸት ታስነቅስ የነበረበት ልማድ አለ፤ የእናቶቻችን መልክ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን እናት ልጇን እጇን ይዛ መጥታ «የቤተሰባችን ወግ ነው» ብትላችሁ መልሱ አንድ ነው፦ 18 ሲሞላት ትምጣ። መብሳትን በተመለከተ ሕጉ ትንሽ ይለያል፤ ከ18 በታች ያለ ሰው ወላጁ ወይም አሳዳጊው በቦታው ባለበት ሊበሳ ይችላል፤ የጡት ጫፍና የብልት አካባቢ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም።

ለእኛ ሰዎች ብቻ የሚያጋጥም ወጥመድ ደግሞ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ወይም የክርስትና ወረቀት ይቀርብላችኋል። ሰኔ 10 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆች የተወለደችው ጁን 17 ቀን 2008 ነው፤ 18 ዓመት የሚሞላት ጁን 17 ቀን 2026 ነው። ወረቀቱ ላይ «2000» የሚለውን ቁጥር ብቻ ያየ እንግዳ ተቀባይ ግን ስምንት ዓመት አስቀድሞ አዋቂ ያደርጋታል። ስለዚህ ፎቶ ያለበትና በመንግሥት የተሰጠ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ መታወቂያ ብቻ ተቀበሉ፤ የልደት ቀኑን በራሳችሁ እጅ ቅጹ ላይ ጻፉ። የምታውቋት የጎረቤት ልጅ ብትሆንም ጠይቁ።

ሁለተኛ የስምምነት ቅጹ። ደንበኛው አንብቦ፣ ሞልቶ፣ ይፈርማል። ቅጹ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ከሥራው በኋላ ምን እንደሚጠበቅና ምን ችግር ሊመጣ እንደሚችል፣ ንቅሳት ቋሚ መሆኑን መናገር አለበት። ደግሞም ይህን ማስጠንቀቂያ ይይዛል፦ ለንቅሳት የሚውሉ ቀለሞችና ማቅለሚያዎች በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አልጸደቁም፤ በጤና ላይ የሚያስከትሉት ነገርም አይታወቅም። ብዙ ነቃሾች ይህን መስመር ደንበኛ ያስፈራል ብለው ያሳንሱታል ወይም ይተውታል። አትተዉት፤ ሕጉ በቀጥታ የሚጠይቀው ነው።

«አንብቦ» የሚለው ቃል ይመዝናል። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት የእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ቢፈርሙ ምን ፈረሙ ይባላል? ደንበኞቻችሁ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑ ቅጹን አስተርጉሙ፤ የእንግሊዝኛውን ከጎኑ አያይዙ። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ይጠቅማችኋል፤ ከዚያ በላይ ግን እናቲቱ በአካላቸው ላይ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ይገባቸዋል።

የጤና መጠይቁ እርግዝናን፣ ስኳርን፣ የደም አለመርጋት ችግርን፣ የልብ ቫልቭ ሕመምን፣ በሚነቀሰው ቦታ ከዚህ በፊት የወጣ ሄርፒስን፣ ለላቴክስ ወይም ለአንቲባዮቲክ ያለ አለርጂን፣ አሁን የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ይጠይቃል። ይህ የሰው ምስጢር ነው። ሳሎን ውስጥ ሌላ ደንበኛ እየሰማ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» ተብሎ አይጮህም፤ ቅጹ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይቀርም። ለሌላ ወገን አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው፤ ሲወገድም ተቦጫጭቆ ይሁን። በማኅበረሰባችን ወሬ እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዲት ሴት ወረቀታችሁ ላይ የጻፈችው ነገር በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሰማችው ያጠፋችኋት እናንተ ናችሁ።

ደንበኛው ሲወጣ የጽሑፍ መመሪያ ይዞ ይወጣል፦ ቦታውን እንዴት እንደሚያጥብ፣ እስከ መቼ ከመዋኛ፣ ከአትክልት ሥራና ከእንስሳት እንደሚርቅ፣ መቅላት፣ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም ወደ ልብ አቅጣጫ የሚሄድ ቀይ መስመር ካየ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ።

6. አንድ ቅንድብ ሲሠራ

በቅርብ እንየው። ነቃሿ እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ በሞቀ ውኃና በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ታጥባ በወረቀት ታደርቃለች፤ በሁለቱም እጆቿ አዲስ ጓንት ታጠልቃለች። የደንበኛዋን ቆዳ ታያለች፤ ሽፍታ፣ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ካለ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ደንበኛዋ ለነገ ሠርግ አለብኝ ብትልም። ቆዳው ይጸዳል፤ መላጨት ካስፈለገ ምላጩ አንዴ ብቻ አገልግሎ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይገባል። ቀለሙ ከጠርሙሱ ወደ ትንሽ፣ ንጹሕና አንዴ ብቻ ወደሚያገለግል ኩባያ ይቀዳል፤ የተረፈው ይደፋል እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። መርፌው ከታሸገበት የሚወጣው በደንበኛዋ ፊት ነው።

መሐል ላይ ስልክ ይጠራል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በደም የተነካ ጓንት ስልኩን ከነካ ስልኩ ተበክሏል፤ ስልኩን የነካ ጓንት ወደ ቅንድቡ ከተመለሰ ደግሞ ደንበኛዋ ተበክላለች። ስልኩን ተዉት። የግድ ከሆነ ጓንቱ ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል፣ አዲስ ጓንት ይጠለቃል። ጓንት ሲቀደድም እንዲሁ።

የምትገዙት ቀለም በፋብሪካ ተመርቶ መለያ የተለጠፈበት ይሁን፤ የምርት ቁጥሩንም ከደንበኛዋ ስም ጎን ጻፉ። ታሽጎ የመጣ ቀለም በባክቴሪያ ተበክሎ ከገበያ እንዲሰበሰብ የተደረገበት ጊዜ አለ፤ ቁጥሩን ካልያዛችሁ ማንን ደውላችሁ እንደምትጠሩ አታውቁም። የማደንዘዣ ቅባትንም በጥንቃቄ ግዙ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በማርች 2024 ከ4 በመቶ በላይ ሊዶኬይን ያለባቸውን፣ ለንቅሳትና ለመሰል ሥራ በገበያ የሚሸጡ ቅባቶች አስመልክቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ ከመጠን በላይ ወደ ደም ከገባ የልብ ምት ሊያዛባ፣ ሰውን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ከኢንተርኔት ለሚመጣው «ጠንካራ» ቅባት ሲባል ይህን አደጋ መጋፈጥ አይገባም።

7. የኦቶክሌቩ መዝገብ

ለብዙ ሰው ቀላሉ መንገድ አንዴ አገልግለው የሚጣሉ፣ ጸድተው የታሸጉ መሣሪያዎችን ብቻ መጠቀም ነው። ኦቶክሌቭ አያስፈልግም፤ ወረቀት ግን ያስፈልጋል፦ የግዥና የአጠቃቀም መዝገብ፣ ማን ማንን በየትኛው ቀን እንደ ነቀሰ የሚያሳይ ዝርዝር፣ መሣሪያው መጽዳቱን በምርት ቁጥሩ ለይቶ የሚያረጋግጥ የአምራቹ ደብዳቤ። ዋጋው ርካሽ ሆኖ ያንን ደብዳቤ ከማይሰጥ ሻጭ መርፌ አትግዙ። አዲስ ለሚጀምር ሰው ይህን መንገድ እመርጥለታለሁ።

ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበት መሣሪያ ካላችሁ ግን ለሕክምና መሣሪያ ማጽጃነት የተሠራ ኦቶክሌቭ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጥቅል የመሣሪያው ስም፣ የጸዳበት ቀንና ያዘጋጀው ሰው ስም መጀመሪያ ፊደሎች ይጻፉበታል። እያንዳንዱ ጭነት ክላስ ፋይቭ የሚባለው፣ ጭነቱ በሚገባ መጽዳቱን የሚያሳይ አመልካች ይገባበታል። ኦቶክሌቩ ሲተከል፣ ከትልቅ ጥገና በኋላና ቢያንስ በወር አንዴ ደግሞ ሙቀትን በሚቋቋም ሕያው የባክቴሪያ ዘር (ስፖር) ይፈተሻል፤ ስፖሩ ካልሞተ ማሽኑ እያጸዳ አይደለም።

መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ጭነት የሚሰፍረው ይህ ነው፦

ቀን፤ በውስጡ የገቡት ዕቃዎች፤ የቆየበት ጊዜና የሙቀቱ መጠን፤ የአመልካቹ ውጤት፤ የስፖር ፍተሻው ካልተሳካ መሣሪያዎቹ እንደገና እንዴት እንደ ጸዱና ዳግም ከመጠቀም በፊት የተገኘው ደኅና ውጤት።

ሕጉ መዝገቡ ለ2 ዓመት በቦታው እንዲቆይ ይጠይቃል። እኔ ሁሉንም ወረቀት፣ ይህንንም ጭምር፣ ለ3 ዓመት በአንድ መደርደሪያ እንድታስቀምጡ እመክራለሁ፤ የትኛው ወረቀት ስንት ዓመት እንደሆነ ከማስታወስ ያሳርፋል። ዋናው ነገር መዝገቡን በዕለቱ መሙላት ነው። በወሩ መጨረሻ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ላይ የተሞላ ገጽ ልምድ ያለው መርማሪ ወዲያው ያውቀዋል። ባዶ መስመር ቸልተኝነት ነው፤ የተፈጠረ መስመር ግን ውሸት ነው፤ ሁለተኛው እጅግ የከፋ ነው።

8. ሠራተኛ ከቀጠራችሁ

ሠራተኛ ሲኖር የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ካል ኦሻ ይመጣል። አሠሪው የተጋላጭነት መቆጣጠሪያ ዕቅድ በጽሑፍ ያዘጋጃል፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሠራተኛው ሥራ በጀመረ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በነፃ ያቀርባል፤ ጓንቱንም ይገዛል። ሠራተኛ በመርፌ ከተወጋ ቦታው ወዲያው በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ይላካል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ስለዚህ «ነገ እናያለን» አይባልም። አደጋው ሪፖርት ከተደረገ በኋላ በ14 የሥራ ቀን ውስጥ በመዝገብ ይሰፍራል።

የሠራተኛ የጉዳት ካሳ መድን ግዴታ ነው። ያለ እርሱ ማሠራት ወንጀል ነው፤ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም ከ10,000 ዶላር የማያንስ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ሠራተኛን ሆን ብሎ «ኮንትራክተር ነው» ብሎ መመዝገብም ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ5,000 እስከ 15,000 ዶላር ያስቀጣል። የአክስት ልጅ ናት፣ በፍቅር ነው የምንሠራው ማለት እነዚህን አይለውጥም። ሰዓቷን የምትወስኑላት፣ ዋጋውን የምትተምኑት፣ ዕቃውን የምትገዙት እናንተ ከሆናችሁ ሠራተኛችሁ መሆኗ አይቀርም።

9. መርማሪው ሲመጣና ቅጣት ሲጻፍ

መርማሪ ሳይናገር ሊመጣ ይችላል። ገብቶ የማየት፣ ፎቶ የማንሣት፣ መዝገብ የመመልከት ሥልጣን አለው። ባለቤቱ የለም፣ ሌላ ቀን ይምጡ ማለት ራሱ እንቅፋት መሆን ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ መደርደሪያውን የሚያሳይ ሰው አስቀድማችሁ መድቡ። በትሕትና ተቀበሉት፣ የተጠየቃችሁትን አሳዩ፣ የማታውቁትን አታውቁም በሉ። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ ሳትፈርሙ አስተርጓሚ ጠይቁ። ፊርማችሁ ወረቀቱን መቀበላችሁን የሚያሳይ ይሁን ጥፋቱን ማመናችሁን አንብባችሁ ለዩ።

ቅጣቱ በደረጃ ነው። ካውንቲው ለአንድ ጥፋት ከ25 እስከ 1,000 ዶላር አስተዳደራዊ መቀጮ ሊጥል ይችላል። ሳይመዘገቡ መንቀስ ወይም ያለ ተቋም ፈቃድ ቤት ከፍቶ መሥራት ግን ከመቀጮ አልፎ ሚስዲሚነር ነው። ሌላ ቅጣት ካልተደነገገ በቀር ሚስዲሚነር በካሊፎርኒያ እስከ ስድስት ወር እስራት፣ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል።

ገንዘቡን አይታችሁ ቀላል ነው አትበሉ። ብዙዎቻችን ግሪን ካርድ የያዝን፣ ዜግነት የምንጠብቅ ወይም የጥገኝነት ጉዳያችን ያልተቋጨ ሰዎች ነን። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ተይዘህ፣ ተከሰህ ወይም የጥፋት ወረቀት ተጽፎብህ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንድ የቅንድብ ሥራ ከአምስት ዓመት በኋላ በቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ሊነሣ ይችላል። ክስ ከመጣ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት፣ የስደተኞችን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። «ትንሽ ከፍለህ ይለቅህ» ብሎ የሚመክር ወዳጅ የእናንተን ወረቀት አያውቅም።

ከመቀጮ ሌላ እገዳና ስረዛ አለ። ለሕዝብ ጤና አፋጣኝ አደጋ የሆነ ነገር ከተገኘ፣ ለምሳሌ ውኃ ከሌለ፣ ፍሳሽ ከፈነዳ፣ መሣሪያ ሳይጸዳ ከሰው ወደ ሰው ካለፈ፣ ቤቱ በዚያው ሰዓት ሊዘጋ ይችላል። ከተዘጋ በኋላ በጓሮ በር ደንበኛ ማስገባት ጉዳዩን ከካውንቲው ወደ ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ የሚያሻግር ድርጊት ነው፤ በምንም ምክንያት አታድርጉት።

የእገዳ ወይም የስረዛ ማስታወቂያ ከደረሳችሁ ፖስታውን ሳትከፍቱ አታሳድሩ። ችሎት የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጥያቄው በጽሑፍ፣ ማስታወቂያው በደረሰ በ15 ቀን ውስጥ ይገባል። ቀኑ ካለፈ መብቱን እንደ ተዋችሁት ይቆጠራል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ። ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን፦ የተቋሙ ስም፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የማስታወቂያው ቀን፣ «ችሎት እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ፊርማ። በእጃችሁ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። በሚቀሩት ቀናት የተገኘውን ጉድለት አስተካክሉ፤ የቧንቧ ሠራተኛውን ደረሰኝ፣ አዲሱን የስፖር ፍተሻ ውጤት፣ ከቀን ጋር የተነሣ ፎቶ ይዛችሁ ቅረቡ። ያስተካከላችሁትን የሚያሳይ ወረቀት ከረጅም ንግግር ይልቅ ይሰማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱን ስትሸጡ ወይም ወደ ሌላ አድራሻ ስትዛወሩ ፈቃዱ አብሮ አይሄድም። ገዢው በእናንተ ፈቃድ ቢሠራ እርሱ ያለ ፈቃድ እንደ ሠራ ይቆጠራል፤ ስማችሁ ያለበት ወረቀትም ግድግዳው ላይ ይቀራል። ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት ፈቃዱን አውርዳችሁ ለካውንቲው በጽሑፍ አሳውቁ፤ የደንበኞችን የጤና ቅጾች የት እንደምታስቀምጡም በሽያጩ ውል ውስጥ አስጽፉ።